ለስታቲስቲክስ የሚበቃው ካልኩለስ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በኢኮኖሚክስ ከያዝኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። አሁን በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ፤ ሥራዬም ከጤና ጣቢያዎች የሚመጡ ቅጾችን ማስገባት፣ ማጥራትና ሠንጠረዥ ማውጣት ነው። በመጪው መስከረም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የባዮስታቲስቲክስ ማስተርስ እጀምራለሁ። ካልኩለስን የተማርኩት በአንደኛ ዓመት አንድ ሴሚስተር ብቻ ሲሆን እሱንም ቀመር ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ከገና ወዲህ አንድ ትልቅ የካልኩለስ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ይዤ ሁለት ወር ሙሉ ብታገልም ገና ከሊሚት ምዕራፍ አልወጣሁም። ባልደረቦቼ ‹ሁሉንም ሶፍትዌሩ ይሠራዋል፣ ምን አደከመሽ› ይሉኛል። ተማሪ ሳለሁ ደግሞ አንድ መምህር በክፍል ፊት ‹ሒሳብ ለአንቺ አልተፈጠረም› ብሎኝ ነበር፤ ያ ንግግር እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ይመጣብኛል። ካልኩለስ በእርግጥ ምን ያህል ያስፈልገኛል? በቀሩኝ 6 ወራትስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ማቲማቲካል ስታቲስቲክስ ለብዙ ዓመታት ስላስተማርኩ፣ እርስዎ የገቡበትን ዓይነት ትግል ከብዙ ተማሪዎች ጋር ሆኜ አይቼዋለሁና ዋናውን መልስ በቅድሚያ ልስጥዎት። ካልኩለስ የግድ ያስፈልግዎታል፤ ይሁን እንጂ በያዙት መጽሐፍ ውስጥ ካለው የሚያስፈልግዎ ከግማሹ ያነሰው ነው። ያንን ግማሽ የማይሞላ ክፍል ግን በንባብ ብቻ ሊይዙት አይችሉም። በእጅዎ እየሠሩ፣ ከፕሮባቢሊቲው ጋር ጎን ለጎን ሊማሩት ይገባል። ካልኩለሱን ጨርሼ ከዚያ በኋላ ስታቲስቲክሱን እጀምራለሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ይደክመዋል።

ሊሚት ላይ የቆሙበትን ምክንያት መጀመሪያ እንመልከት። የካልኩለስ መጻሕፍት የሚጀምሩት ሊሚትን በጥብቅ ትርጉም በማስቀመጥ ነው፤ ኤፕሲሎን እና ዴልታ የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች እየተከታተሉ የሚሄዱበት ማለት ነው። ይህ አጻጻፍ የተፈጠረው ግን ካልኩለስ ሥራ ላይ ከዋለ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሒሳብ ሊቃውንቱ በኮሺና በቫየርሽትራስ እጅ ነው። የካልኩለስ ፈጣሪዎቹ ኒውተንና ላይብኒትዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያለ እርሱ ሠርተዋል፤ የስታቲስቲክስን መሠረት ከጣሉት መካከል የሆኑት ደ ሟቭርና ላፕላስም ያለ እርሱ ብዙ ርቀት ሄደዋል። እንግዲህ ታላላቆቹ በመጨረሻ የደረሱበትን ነገር መጽሐፉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስላስቀመጠው ብቻ፣ እርስዎ ሁለት ወር በዚያ ላይ መቆየትዎ የአእምሮ ድክመት ምልክት ሊሆን አይችልም። ሊሚት ማለት «ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጋን ስንሄድ ውጤቱ ወደ ምን ይጠጋል» የሚል ጥያቄ መሆኑን ከተረዱ ለአሁኑ በቂ ነው። ወደፊት የዶክትሬት ትምህርት ለመቀጠል ቢያስቡ ኤፕሲሎንን እንደገና ያገኙታል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚጠቅመውን ስለሚያውቁት አይከብድዎትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እርስዎ በየቀኑ ሠንጠረዥ ስለሚያወጡ ሂስቶግራም ያውቃሉ። የታካሚዎችን ዕድሜ በ10 ዓመት፣ ከዚያም በ5፣ ከዚያም በ1 ዓመት እየከፋፈሉ ሂስቶግራም ቢሠሩ፣ መረጃው ብዙ እስከሆነ ድረስ ዓምዶቹ እየቀጠኑ ሄደው ጫፋቸው ለስላሳ መስመር ይመስላል። ያ መስመር የዴንሲቲ ፈንክሽን ይባላል። ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ደግሞ ፕሮባቢሊቲ ነው። ኢንተግራል ማለት እንግዲህ ለእርስዎ ሌላ ምንም ሳይሆን ይህንን ስፋት መለካት ነው፤ ዓምዶቹን የመደመር ሥራ ዓምዶቹ እጅግ ቀጥነው ሲቀጥል ማለት ነው። በአንደኛ ዓመት የሸመደዱት ምልክት፣ ያ ረጅሙ የተጠማዘዘ ኤስ፣ ላይብኒትዝ «ድምር» ከሚለው የላቲን ቃል የመጀመሪያ ፊደል የወሰደው ነው።

ቀላል ምሳሌ ይውሰዱ። ከ0 እስከ 1 ባለው ርቀት ላይ ዴንሲቲው 2 ጊዜ ኤክስ ነው እንበል። ወረቀት ላይ ይሳሉት፤ ከዜሮ ተነስቶ ቁመቱ 2 እስኪደርስ የሚወጣ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ከሥሩ ያለው ቅርጽ መሠረቱ 1፣ ቁመቱ 2 የሆነ ሦስት ማዕዘን በመሆኑ ስፋቱ 1 ይሆናል፤ ጠቅላላ ፕሮባቢሊቲ 1 መሆን ስላለበት ትክክል ነው። ኤክስ ከግማሽ የማነስ ዕድሉ ስንት ነው ቢባሉ፣ ትንሹን ሦስት ማዕዘን፣ መሠረቱ ግማሽ ቁመቱ 1 የሆነውን፣ ይለኩና አንድ አራተኛ ያገኛሉ። ያንኑ በኢንተግራል ይሥሩት፤ መልሱ አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን የሚያደናግር ነገርም አብሮ ይፈታል። የመስመሩ ቁመት 2 ደርሷል፤ ፕሮባቢሊቲ ግን ከ1 አይበልጥም። ቁመቱ ራሱ ፕሮባቢሊቲ ስላልሆነና ፕሮባቢሊቲ የሚባለው ስፋቱ ስለሆነ ተቃርኖ የለውም። ይህችን አንዲት ነጥብ ሳይረዱ ሦስተኛ ዓመት የደረሱ ተማሪዎችን አግኝቻለሁ፤ ኢንተግራልን ግን በቃላቸው ያውቁ ነበር።

የፈተና ወረቀት ሳርም ከዓመት ዓመት ያየሁትን ደግሞ ልንገርዎት። ተማሪዎች በአብዛኛው ነጥብ የሚያጡት ኢንተግራሉን መሥራት አቅቷቸው አይደለም። ኢንተግራሉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ማለትም ወሰኑን በትክክል ማስቀመጥ ያቅታቸዋል። ለዚህ አንድ ጥያቄ ላቅርብልዎ። ሁለት ታካሚዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይነጋገር፣ በየትኛውም ደቂቃ የመምጣት ዕድላቸው እኩል ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ቀድሞ የመጣው የደረሰበትን ጊዜ ኤክስ፣ ተከትሎ የመጣው የደረሰበትን ዋይ እንበላቸው። የሁለቱ ጥምር ዴንሲቲ 2 ነው፤ ነገር ግን ይህ የሚሠራው ኤክስ ከዋይ ባነሰበት ቦታ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ሰዓት በላይ የመለያየት ዕድሉ ስንት ነው?

ሥዕል ሳይሥል ወደ ስሌት የሚሮጥ ተማሪ ኤክስንም ዋይንም ከ0 እስከ 1 ያደርጋቸዋል። በዚያ መንገድ ጠቅላላውን ቢያሰላ 2 ያገኛል፤ ፕሮባቢሊቲ 2! ይህንን መልስ በወረቀት ላይ አስፍሮ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮበት የሚያልፍ አለ። ሥዕሉን የሣለው ግን ጎኑ 1 የሆነ አራት ማዕዘን ይሥላል፤ ከታች ግራ ጥግ ወደ ላይ ቀኝ ጥግ ሰያፍ መስመር ያሰምራል፤ ከሰያፉ በላይ ያለውን ግማሽ ያጠቁራል። ኤክስ ከዋይ የሚያንሰው እዚያ ብቻ ስለሆነ ሥራው ሁሉ በዚያ ጥቁር ክፍል ውስጥ ነው። ልዩነታቸው ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥበት ቦታ ደግሞ በላይኛው ግራ ጥግ ያለ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሁለቱ ጎኖቹ ግማሽ ግማሽ ናቸውና ስፋቱ አንድ ስምንተኛ ነው፤ በ2 ሲባዛ አንድ አራተኛ። መልሱ ተገኘ፤ ኢንተግራል እንኳ አላስፈለገም። ደብል ኢንተግራል (እንደዚህ በኤክስና በዋይ ላይ በአንድነት የሚሠራው) ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶዎ ከስሌቱ በፊት ሁልጊዜ ሥዕሉን ይሥራ፤ ከዚህ ሁሉ ምክሬ አንድ ብቻ ያስታውሱ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው።

ዲሪቬቲቭስ፣ ማለትም ኩርባው በአንድ ነጥብ ላይ ምን ያህል እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ የሚለካው ቁጥር፣ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ በስታቲስቲክስ ውስጥ ዋና ሥራው ከፍተኛውን ነጥብ መፈለግ ነው። አምስት ታካሚዎች ካርድ ክፍል የጠበቁት ጊዜ በደቂቃ 10፣ 15፣ 25፣ 20 እና 30 ነው እንበል፤ ድምሩ 100። የጥበቃ ጊዜ ኤክስፖነንሻል የሚባለውን ስርጭት ይከተላል ብለን እንነሳ፤ ይህ ስርጭት ላምዳ የምትባል አንዲት ያልታወቀች ቁጥር አለችው። «ያየነውን መረጃ የማየት ዕድላችንን ከፍ የምታደርገው ላምዳ የትኛዋ ናት?» ብሎ መጠየቅ የእንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ የሮናልድ ፊሸር መንገድ ነው፤ ማክሲመም ላይክሊሁድ የሚለውን ስም ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው እርሱ ነው። ላይክሊሁድ የሚባለው የአምስቱ ዴንሲቲዎች ብዜት ለመያዝ ስለማይመች ሎጋሪዝሙን እንወስዳለን፤ ሎጋሪዝም ብዜትን ወደ ድምር ይለውጣልና። የምናገኘው 5 ጊዜ የላምዳ ሎጋሪዝም፣ ሲቀነስ 100 ጊዜ ላምዳ ነው። ዲሪቬቲቩ 5 ለላምዳ ሲካፈል፣ ሲቀነስ 100። ከፍተኛው ነጥብ ላይ ዲሪቬቲቩ ዜሮ ስለሚሆን፣ ይህንን ከዜሮ ጋር እኩል ስናደርገው ላምዳ 5 ለ100፣ ማለትም 0.05 ትሆናለች። የእርሷ ግልባጭ 20 ደቂቃ ነው፤ ቀድሞውንም የምናውቀው አማካይ።

«አማካዩን ለማግኘት ይህ ሁሉ ድካም?» ይሉኝ ይሆናል። ትርፉ ያለው ቀጥሎ በሚመጣው እርምጃ ነው። አንድ ጊዜ ደግመው ዲሪቬቲቭ ይውሰዱ፤ ኔጌቲቭ 5፣ ለላምዳ ስኩዌር ሲካፈል ይሆናል። ላምዳን 0.05 ብለው ሲያስገቡ ኔጌቲቭ 2000 ያገኛሉ። የላይክሊሁዱን ኩርባ እንደ ኮረብታ ቢያዩት፣ ይህ ቁጥር ኮረብታው ጫፉ ላይ ምን ያህል ሹል እንደሆነ ይነግረናል። ኮረብታው ሹል ከሆነ ከጫፉ ትንሽ ፈቀቅ ስንል ላይክሊሁዱ በፍጥነት ይወድቃል፤ ስለዚህ በግምታችን እንተማመናለን። ዝርግ ከሆነ ደግሞ ብዙ የላምዳ ዋጋዎች ከሞላ ጎደል እኩል ያስኬዳሉና መተማመኛ የለንም። 1 ለ2000 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 0.022 ይመጣል፤ ይህም ሶፍትዌርዎ «ስታንዳርድ ኤረር» በሚል አምድ ሥር የሚያወጣው ቁጥር ነው። የታካሚዎቹ ቁጥር 500 ሆኖ አማካዩ ያው 20 ደቂቃ ቢሆን ኖሮ 0.0022 ይሆን ነበር፤ መረጃው መቶ እጥፍ ሲያድግ ስህተቱ በአሥር እጥፍ ብቻ ይቀንሳል። በዓመታት ሥራዎ ያንን አምድ ስንት ጊዜ እንዳነበቡት ያስቡት። ከየት እንደሚመጣ አሁን ያውቃሉ፤ ከአንድ ኮረብታ ሁለተኛ ዲሪቬቲቭ ነው።

ሦስተኛው ነገር የደወል ቅርጽ ያለው የኖርማል ስርጭት ኩርባ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተማሪ ሳለሁ ካልኩለስን ያስወደደኝ ይህ ነው። በኖርማል ስርጭት ቀመር ውስጥ የ2 ፓይ ስኩዌር ሩት ተቀምጧል። ፓይ የክብ ቁጥር ነው፤ በቁመትና በክብደት መረጃ ውስጥ ምን አመጣው? ለሁለት ዓመት ያህል ሳልጠይቅ ሸምድጄው ኖሬ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የኩርባው ልብ የሆነው የኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር ኤክስፖነንሻል (ኢ የሚባለው ቁጥር በኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር ኃይል ሲነሳ) ኢንተግራሉ በተለመዱት ፈንክሽኖች ሊጻፍ አይችልም፤ ይህ የእኛ ችሎታ ማነስ ሳይሆን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዩቪል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያረጋገጠው እውነት ነው። ሆኖም ከአንዱ ዳርቻ እስከ ሌላው ያለውን ጠቅላላ ስፋት በትክክል ማግኘት ይቻላል፤ ዘዴውም ስፋቱን በራሱ ማባዛት ነው። ያን ጊዜ አንዱ በኤክስ፣ ሌላው በዋይ ይሆንና ከፊታችን ያለው መስመር ሳይሆን እንደ አውድማ ላይ የጤፍ ክምር ዙሪያውን የተስተካከለ ጉብታ ይሆናል። የጉብታውን ይዘት እንደ ዳቦ በቢላዋ እየቆረጡ ቢለኩት ያው የማይፈታው ኢንተግራል ይመለስብዎታል። እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ምጣዱ ላይ ከዳር ወደ መሀል በክብ በክብ እንደሚፈስ፣ ጉብታውንም በቀለበት በቀለበት ይለኩት። እያንዳንዱ ቀለበት ዙሪያው 2 ፓይ ጊዜ ሬዲየሱ ነው፤ ቁመቱ የኔጌቲቭ ሬዲየስ ስኩዌር ኤክስፖነንሻል ነው። ከዙሪያው የመጣችው ያቺ ሬዲየስ የጎደለችው ቁልፍ ናት፤ እርሷ በመጨመሯ ኢንተግራሉ በአንድ መስመር ሰብስቲትዩሽን (ተለዋዋጩን በሌላ በመተካት) ይፈታል፤ መልሱም ፓይ ይሆናል። ስፋቱን በራሱ አባዝተነው ስለነበር የመጀመሪያው መልስ የፓይ ስኩዌር ሩት ነው። በኖርማል ስርጭቱ ቀመር ውስጥ ኤክስ ስኩዌር ለ2 ስለሚካፈል ደግሞ 2ቱ ይጨመርበታል። ከኩርባው ጀርባ ያ ክብ ጉብታ ስላለ ነው ፓይ የተገኘችው። ይህንን በሰሌዳ ላይ ያሳዩን መምህር ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው የቆሙበት ቅጽበት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ባልደረቦችዎ ስለ ሶፍትዌር ያሉት በከፊል እውነት ነው፤ ማንም ባለሙያ በሥራው ላይ የጋማን ስርጭት ኢንተግራል በእጁ አይሠራም። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ቁጥር ከመስጠት አልፎ ቁጥሩ ትርጉም እንዳለው አይነግርዎትም። ኮሺ የሚባል ስርጭት አለ፤ በሥዕል ሲታይ ከኖርማሉ ጋር የሚመሳሰል፣ መሀሉ ጉብ ያለ፣ ግራ ቀኙ እኩል ነው። አማካዩን ለማግኘት ኢንተግራሉን ሲሠሩት ግን ዳርቻው እንደ ሎጋሪዝም ያለ መቆሚያ ያድጋል፤ አማካይ የሚባል ነገር የለውም። ኮምፒውተሩን አንድ ሺህ ቁጥር ከዚህ ስርጭት አውጥቶ አማካይ እንዲያሰላ ቢያዙት ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሰላልዎታል፤ ደግመው ሲያዙት ፈጽሞ ሌላ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ አንድ ሚሊዮን ቢያደርጉትም አይረጋጋም። ወደ ራስዎ ሙያ ስንመጣ ደግሞ፣ የሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ታመመ ወይስ አልታመመም የሚል ዓይነት ውጤት የሚገመትበት ስልት) ሲሠሩ «አልተረጋጋም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጥቶ ከጎኑ የተጋነነ ቁጥር አይተው ያውቁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንዱ ተለዋዋጭ የታመሙትንና ያልታመሙትን ያለ ስህተት ለይቶ ስለሚያስቀምጣቸው፣ የላይክሊሁዱ ኮረብታ ጫፍ የሌለው፣ ለዘለዓለም የሚወጣ ዳገት መሆኑ ነው። ዲሪቬቲቩ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ የለም፤ ኮምፒውተሩም የሌለ ጫፍ ሲፈልግ ይውላል። ዲሪቬቲቭ ምን እንደሆነ የገባው ሰው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ መረጃውን ይመረምራል፤ ያልገባው ያንን የተጋነነ ቁጥር ሪፖርት ውስጥ ያስገባል።

እንግዲህ ስለ ጊዜዎ። የመጀመሪያዎቹን አራትና አምስት ሳምንታት ለአልጀብራ ይስጡ፤ በተለይ ለኤክስፖነንትና ለሎጋሪዝም። ይህ ወደ ኋላ መመለስ ሊመስልዎ ይችላል፤ ነገር ግን «ካልኩለስ አልገባኝም» ከሚሉ ተማሪዎች ብዙዎቹ በእርግጥ ያልገባቸው የድምር ሎጋሪዝም ከሎጋሪዝሞች ድምር እንደሚለይ ነው። ከዚያ ትልቁን መጽሐፍ ለጊዜው ያስቀምጡትና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መማሪያ ውስጥ ያሉትን የዲሪቬቲቭና የኢንተግራል ምዕራፎች ይሥሩ፤ ቀጭን ናቸው፣ ጥያቄዎቻቸውም ለጀማሪ ይመጥናሉ። ቼይን ሩልን (አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ፈንክሽኖች ዲሪቬቲቭ የሚወሰድበትን ደንብ) እጅዎ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ ይለማመዱት። እስከ ግንቦት አጋማሽ እዚህ ይድረሱ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ኢንተግራሎች ሁሉ በዴንሲቲ ላይ ይሥሯቸው፤ ጠቅላላው 1 መሆኑን ማረጋገጥ፣ አማካይና ቫሪያንስ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚለካውን) ማውጣት። ሰብስቲትዩሽንና ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ የሚለመዱት እንዲህ ሲሆን ነው፤ የኤክስፖነንሻል ስርጭት አማካይ ራሱ የባይ ፓርትስ ምርጥ ልምምድ ነው። ሐምሌን ለፓርሻል ዲሪቬቲቭና ለደብል ኢንተግራል፣ ነሐሴን ለቴይለር ሲሪስና ለጋማ ፈንክሽን ያውሉት። ጃኮቢያንን በስሙ ብቻ ቢያውቁት ለጊዜው ይበቃል፤ ክፍል ውስጥ ያስተምሩዎታል።

ምን ልዝለል ካሉኝ፣ በአንድ መስመር ዙሪያ የሚሽከረከሩ ቅርጾችን ይዘት ማስላት፣ የሳይንና የኮሳይን ውስብስብ ኢንተግራሎች፣ ተራራ የሚያካክሉት የክፍልፋይ ኢንተግራሎች፣ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ያሉት የግሪንና የስቶክስ ቲዎረሞች፤ እነዚህ ለፊዚክስና ለምሕንድስና ተማሪ አስፈላጊ ናቸው፣ ለእርስዎ ግን በዚህ ዓመት አይደሉም። ከተረፈ ጊዜ ሊኒየር አልጀብራን ይነካኩት፤ ሪግሬሽን ላይ ያለ ማትሪክስ መራመድ አይቻልም።

መምህር ካስፈለገዎት የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና የኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር ትምህርቶች በነፃ ይገኛሉ፤ የኋለኛው ፈተናዎችን ከነመልሳቸው አካቷል። የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስም በሦስት ቅጽ የተዘጋጀ የካልኩለስ መማሪያ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ አንድ ጊዜ ካወረዱት ኢንተርኔት ባይኖርም ያነቡታል። ከሁሉም ይልቅ ግን የሚከተለውን ያድርጉ። አንድ ጥያቄ ሠርተው ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘግተው የሠሩትን በአማርኛ ለአንድ ሰው፣ ሰው ከሌለም ለራስዎ፣ ጮክ ብለው ያስረዱ። አብዛኞቻችን ሒሳብን በታችኛው ክፍል በአማርኛ ጀምረን ከፍ ስንል በእንግሊዝኛ ስለቀጠልነው፣ ቃሉን እንጂ ነገሩን ሳናውቅ የምናልፍበት ቀዳዳ ሰፊ ነው። «ኢንተግሬት አድርጌው» ማለት ማስረዳት አይደለም። «ከኩርባው በታች ከዚህ እስከዚህ ያለውን ስፋት ለካሁ፤ እርሱም ታካሚው ከግማሽ ሰዓት በላይ የመጠበቅ ዕድሉ ነው» ሲሉ ግን የገባዎትንና ያልገባዎትን በአንድ ጊዜ ያውቁታል። ከሥራ መልስ በየቀኑ 45 ደቂቃ፣ እሑድን እረፍት አድርገው፣ ቅዳሜን በሙሉ ከመስጠት ይሻላል። እጅ የሚለምደው በመደጋገም ነውና።

ያ መምህር ስለተናገሩት ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። መምህር ሆኖ በክፍል ፊት እንዲህ ያለ ቃል መናገር ትልቅ በደል ነው፤ ተማሪው ለዓመታት ይሸከመዋል፤ ተናጋሪው ምናልባት በማግስቱ ረስቶታል። ሙያዬን ከሚጋራ ሰው የመጣ በመሆኑም እኔ ራሴ አዝኛለሁ። በ31 ዓመት መጀመር ዘግይቷል ብለው እንዳይሰጉ ደግሞ ስለ አብርሃም ደ ሟቭር ልንገርዎት። በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰዶ ለንደን የገባ፣ ለኑሮው ሒሳብ በግል እያስጠና የኖረ ሰው ነበር። የኖርማሉን ኩርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየውን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1733 ሲያወጣ 66 ዓመቱ ነበር።

ዛሬ ማታ የሚጀምሩበትን አንድ ጥያቄ ልተውልዎ። ከ0 እስከ 1 ባለው ርቀት ላይ ዴንሲቲው 3 ጊዜ ኤክስ ስኩዌር ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን ይሣሉ። ከሥሩ ያለው ስፋት 1 መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ አማካዩን ይፈልጉ፤ ሦስት አራተኛ ያገኛሉ። ቀጥለው ስፋቱን እኩል ለሁለት የሚከፍለውን ነጥብ፣ ሚዲያኑን፣ ይፈልጉ፤ የግማሽ ኪዩብ ሩት፣ ወደ 0.79 ይጠጋል። ሁለቱን ነጥቦች በሥዕሉ ላይ ምልክት ያድርጉባቸውና ሚዲያኑ ከአማካዩ ለምን እንደበለጠ በሁለት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ጽፈው ይላኩልኝ።